«አንተው ንካልኝ» የማይባልበት የታብሌት ምርጫ፦ ለኮንዶሚኒየምና ለእድር ኮሚቴዎች

ከተማው ዳር ባሉት ኮንዶሚኒየሞች፣ አራብሳ ይሁን የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ ይሁን ቱሉ ዲምቱ፣ የኮሚቴ ምርጫ ሲደርስ አንድ ሰው ተነስቶ «ለምን በቴሌግራም አናደርገውም?» ማለቱ አይቀርም። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ሰው ሥራ ውሎ የሚገባው ማታ ነው። ስብሰባ ሲጠራ ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም። ግን የቴሌግራም ፖል ባለቤትና ተከራይ አይለይም። ሁለት ሲም ያለው ሁለት ጊዜ ይመርጣል። ባለ ቁልፍ ቀፎ የያዙት እማማ ደግሞ ጭራሽ የሉበትም።

የሚሻለው ታብሌት ነው። ሁለት ሦስት ታብሌት ኮሚናሉ (የነዋሪው የጋራ ሕንፃ) ውስጥ ይቀመጣል፣ ነዋሪው መጥቶ ይመርጣል፣ ቆጠራው ቶሎ ያልቃል። ይሄም ቢሆን የራሱ ወጥመድ አለው። አንድ አባት ታብሌቱን ዓይተው ለአስተናባሪው ልጅ «አንተው ንካልኝ» ይላሉ። ሱቅ ሄደው የቴሌብር ፒናቸውን ለልጁ የሚነግሩት ሰዎች እዚህም ያንኑ ያደርጋሉ። ልጁ ቅን ሊሆን ይችላል። ግን ማን እንደተመረጠ አወቀ፤ አባትም የተነካው የፈለጉት ሰው መሆኑን የሚያውቁት በልጁ ቃል ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ያቺን «አንተው ንካልኝ» ለማስቀረት ነው።

መመሪያው ለቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ ለእድርና ለቁጠባ ማኅበር ነው። አገር አቀፉ ምርጫ የምርጫ ቦርድ ሥራ ነው፤ በ2013ም የተመረጠው በወረቀት ነበር።

1. መጀመሪያ ደንቡ፣ ከዚያ ታብሌቱ

መተዳደሪያ ደንባችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። «በእጅ ማውጣት» ወይም «በወረቀት» የሚል ካለ በጠቅላላ ጉባኤ አስቀይሩና ቃለ ጉባኤ ያዙ። መራጩ ባለቤት ብቻ ነው ወይስ ተከራይም? ድምፁ በቤት ነው ወይስ በሰው? ውጭ አገር ያለ ባለቤት በውክልና ይመርጣል? ይሄ ሳያልቅ ታብሌት የገዛ ኮሚቴ ጭቅጭቅ ነው የገዛው።

ቀኑንም አስቡበት። እሁድ ይሻላል፣ ግን ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቀን እንዳይሆን። ጀሪካኑን ጥሎ የሚመርጥ የለም።

2. የመራጮች መዝገብ

መዝገቡን በስም ብቻ የሚፈልግ አፕ አትቀበሉ። ኃይሉ፣ ኀይሉ፣ ሀይሉ፤ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ። ሰውየው አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት ነው። አስተናባሪው «ስምዎ የለም» ብሎ የመለሳቸው ሴትዮ ደግሞ ተመልሰው አይመጡም። ስለዚህ ፍለጋው በብሎክና በቤት ቁጥር ይሁን፤ ስሙ ለማረጋገጫ ይቅረብ። ወይም ፕሮግራመሩ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀና ኃን፣ ሰና ሠን፣ አ፣ ኣ፣ ዐና ዓን፣ ጸና ፀን እንደ አንድ እንዲቆጥር አድርጉ። ቀላል ሥራ ነው፤ ካልተነገረው ግን አያስበውም።

መዝገቡና ድምፁ አይገናኙ። አስተናባሪው ቤቱን በወረቀት መዝገብ ላይ ያስፈርማል፣ ታብሌቱ ስም አያውቅም። ሕንዶች ይህንን በቀላሉ ፈትተውታል። ኃላፊው ፊት አንድ መቆጣጠሪያ አለ፣ መራጩ ከመጋረጃው ጀርባ የሚጫነው ሌላ ነው። ኃላፊው አንዴ ሲጫን ለአንድ ሰው ብቻ ይከፈታል። እናንተም በሁለተኛ ስልክ እንዲህ ማድረግ ትችላላችሁ። መራጩ ኮድ አይጽፍም፣ የይለፍ ቃል አያስታውስም። ፊደል መተየብን ከመራጩ ላይ ሙሉ በሙሉ አንሱ።

3. ስክሪኑ

በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የፍሎሪዳዋ ፓልም ቢች ካውንቲ ለአዛውንቶች አስባ ፊደሉን አተለቀች። እጩዎቹ በአንድ ገጽ አልበቃ አሉ። ስለዚህ በግራና በቀኝ ተደርድረው የሚበሳው ቀዳዳ መሐል ላይ ሆነ። ብዙ ሰው አል ጎርን የመረጠ መስሎት የሌላውን እጩ፣ የቡካናንን ቀዳዳ በሳ። ፍሎሪዳ በመጨረሻ የተወሰነችው በ537 ድምፅ ልዩነት ነው። በጎ ሐሳብ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

እናም፦ አንድ ረድፍ ብቻ። ከላይ ወደ ታች። ወደ ታች የሚሳብ ገጽ አይኑር፤ መሳብ የማያውቅ ሰው ከታች ያሉት እጩዎች መኖራቸውንም አያውቅም። አልበቃ ካለ «ገጽ 1 ከ2» ብላችሁ ትልቅ «ቀጣይ» ቁልፍ አስቀምጡ።

የእኛ ፊደል ትንሽ ሲሆን ይደባለቃል። «ቡ» እና «ቢ» የሚለያዩት ቅጥያዋ ባለችበት ቦታ ብቻ ነው። ማስመሪያ ስክሪኑ ላይ አስደግፋችሁ ለኩ፦ የፊደሉ ቁመት ከ5 ሚሊሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። ለማጉላት ብላችሁ ቦልድ አታድርጉት፤ «ጨ» እና «ጬ» ውስጣቸው ይደፈናል። ማጉላት ከፈለጋችሁ መጠኑን ጨምሩ። ነጭ ላይ ጥቁር ይሁን። የዲዛይን ልጆች የሚወዱት ግራጫ በነጭ ላይ ለዓይነ ደካማ ባዶ ወረቀት ነው። የድረ ገጽ ተደራሽነት መስፈርት ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ የ4.5 ለ 1 ንፅፅር ይጠይቃል፤ ከዚህ በላይ ሂዱ።

ማንበብ ለማይችል ደግሞ ምልክት አለ። በ1997 «ንብ» ወይስ «ሁለት ጣት» ብሎ የመረጠ ሰው ምልክት ማንበብ ያውቃል። ለእያንዳንዱ እጩ ቁጥር፣ ፎቶ፣ ስምና ምልክት ስጡ። ምልክቱና ተራው በሕዝብ ፊት በዕጣ ይውጣ። ከላይ የተቀመጠ እጩ ጥቅም አለው፣ በፊደል ተራ ካደረጋችሁት ደግሞ አበበ ሁልጊዜ ከዮሴፍ ይቀድማል። ጃንጥላ፣ ቁልፍ፣ ጀበና፣ ወንበር ይበቃሉ። መስቀልም ጨረቃም፣ የፓርቲ ምልክትም አይግባ። ጀበናው ለጋሼ ደርሶ ሰው ቢስቅ ችግር የለም፣ ማንም አይረሳውም።

ፎቶውን ኮሚቴው ራሱ ያንሳው። አንዱ የሠርግ ፎቶውን፣ ሌላው የመታወቂያውን ካመጣ ውድድሩ እዚያው አልቋል። አንድ ግድግዳ፣ አንድ ርቀት፣ አንድ ብርሃን።

መራጩ ፎቶውንም ነካ፣ ስሙንም ነካ፣ ሳጥኑ ሁሉ ይስራ። ሰው የሚነካው የእጩውን ፊት ነው፤ ከጎን ያለችውን ትንሽ ክብ አይደለም። በሳጥኖቹ መሐል ክፍተት ተዉ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሁለቴ ቢነካ «መረጠ፣ ሰረዘ» ሆኖ እንዳይቀር፣ ከአንዱ ንኪ በኋላ ለአንድ ሰከንድ ያህል ሁለተኛው አይቆጠር።

ቁልፎቹ ላይ «እሺ» እና «ሰርዝ» አትጻፉ። ምኑ እሺ? «መርጫለሁ» እና «ልቀይር» በሉ። የብራዚል ማሽን በ1996 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ማጽደቂያው አረንጓዴ፣ ማረሚያው ብርቱካንማ ቁልፍ ሆኖ ነው የመጣው፤ እስከ ዛሬም እንዲያው ነው። ቀለም ግን ብቻውን አይታመን፣ አረንጓዴና ቀይ የማይለይ ሰው አለ። ቀለም፣ ቃልና ቦታ ሦስቱም አንድ ነገር ይናገሩ።

ከ9 እጩ 5 መምረጥ ያለበት ከሆነ ከላይ «3 መርጠዋል፣ 2 ይቀርዎታል» ይበል። ስድስተኛ ሲነካ ዝም ብሎ የመጀመሪያውን አያጥፋ፤ «5 ሞልቷል፤ አንዱን ካነሱ ሌላ መምረጥ ይችላሉ» ይበል። ሦስት ብቻ መምረጥ የፈለገውን አትከልክሉ። «ማንንም አልመርጥም» የሚልም ይኑር። በመጨረሻ የመረጣቸው ሰዎች ፎቶ በአንድ ገጽ ይቅረብለትና ያጽድቅ። ሰዓት ቆጥሮ የሚዘጋ ስክሪን አይሁን፤ ያ ለባንክ ነው።

ቋንቋ። በከተማው ዳር አፋን ኦሮሞ ካልገባ ምርጫው ግማሽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሁለቱም ቋንቋዎች እኩል ሳጥን ይኑራቸው። ትርጉሙን ስልክ ሳይሆን ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ጎረቤት ይሥራው። በቁቤ ሲጻፍ ቃሉ ይረዝማል፣ አናባቢውም ተነባቢውም ይደገማል፤ ስለዚህ ለአማርኛ የተለካው ቁልፍ ላይ ጽሑፉ ተቆርጦ እንዳይቀር እዩት።

4. ለማያዩ፣ ለማይሰሙ፣ ጣታቸው ለማይታዘዝ

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 29 ስለ ምስጢራዊ ድምፅ ይናገራል፤ አዲስ ቴክኖሎጂ እንዲያግዝም ይላል። ለእድር ምርጫ ስምምነት መጥቀስ የበዛ ሊመስል ይችላል። ግን ዓይነ ስውሩ ጎረቤታችሁ መዋጮ የሚከፍለው እኩል ነው።

ከሁሉ በፊት የቁጥር ኪፓድ ግዙ፣ በኬብል ታብሌቱ ላይ የሚሰካውን። ርካሽ ነው፤ ከጠቅላላው ዝግጅት የሚበልጠውን ሥራ የሚሠራውም እሱ ነው። ቁጥር 5 ላይ ጣት የምታገኛት ነጥብ አለች። ዓይነ ስውራን በባለ ቁልፍ ቀፎ የለመዱት ይህንኑ ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ የኮምፒውተር ኪፓድ ላይ ከላይ ያለው ረድፍ 7፣ 8፣ 9 ነው። ስልክ ላይ ከላይ ያለው 1፣ 2፣ 3 ነው። ነጥቧ ሁለቱም ላይ መሐል ስለሆነች ልዩነቱ በጣት አይታወቅም። በስልክ ልማዱ 1 ያለ ሰው 7 ይመርጣል። ፕሮግራመሩ ረድፎቹን ይገልብጣቸው፣ እናንተም ቁጥሩን በተለጣፊ አስተካክሉ። 0 «ድገምልኝ» ይሁን፣ ትልቁ ቁልፍ «መርጫለሁ»። ትልቁ ላይ የሙጫ ጠብታ አድርቁበት፣ በጣት ይታወቃል።

በኢርፎን የእጩዎቹን ቁጥርና ስም የሚያነበውን ድምፅ ሰው ይቅረጸው። እጩም የእጩ ዘመድም ያልሆነ፣ ጥርት ያለ አንደበት ያለው ሰው። ስሞቹ ሁሉ በአንድ ሰው፣ በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ ቃና ይነበቡ፤ የአንዱን ስም ሞቅ አድርጎ ማንበብ ቅስቀሳ ነው። «ቁጥር 3፣ ጃንጥላ፣ ወይዘሮ እገሊት። ይህንን ከመረጡ ትልቁን ቁልፍ ይጫኑ።» ከዚህ አይርዘም። ጆሮ የሚሸፍን ኢርፎን ይኑር፤ በእያንዳንዱ ሰው መሐል ይጠረግ። በድምፅ ሲመረጥ ስክሪኑ ይጥቆር፣ አለበለዚያ ከኋላ ያለው ያነብበዋል። ምርጫው ሲመዘገብ ታብሌቱ ረዘም ያለ ጢጥታ ያሰማ። የሕንዱ ማሽን እንዲሁ ያደርጋል። ዓይነ ስውሩ እንደጨረሰ ያውቃል፣ ኃላፊውም ያውቃል።

በዚህ ድምፅ የሚጠቀመው ዓይነ ስውር ብቻ አይደለም። ማንበብ የማይችል፣ መነጽሩን የረሳ፣ ስክሪን የሚያስፈራው ሁሉ ይመጣል። ስለዚህ «የዓይነ ስውራን ታብሌት» ብላችሁ ጥግ አታስቀምጡት። ሁሉም ታብሌት ላይ ይኑር።

መስማት ለተሳናቸው በምልክት ቋንቋ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ አዘጋጁ። «ወረቀት ላይ እንጽፍላቸዋለን» አይበቃም፤ ትምህርት ቤት ያልገባ አለ። ተራ ሲደርስ ስም መጥራትም ለእነሱ ዋጋ የለውም። የተራ ካርድ ስጡና ቁጥሩን ከፍ አድርጋችሁ አሳዩ።

ስክሪን የማይታዘዝለት ጣት አለ። ድንጋይ ሲጠርብ ወይም መሬት ሲቆፍር የኖረ እጅ ቆዳው ደረቅ ስለሆነ ታብሌቱ አያውቀውም። ሰውየው አምስት ጊዜ ይነካል፣ ምንም የለም፣ ከዚያ ያችኑ ቃል ይላል። ጠረጴዛው ላይ እርጥብ ፎጣ አስቀምጡ፤ ትንሽ የረጠበ ጣት ይሠራል። ካልሆነ የስክሪን እስክሪብቶ፣ ካልሆነ ኪፓዱ።

5. ጠረጴዛውና ደረጃው

ጠረጴዛው በዊልቸር የሚገባበት ይሁን፣ ከሥሩ ጉልበት የሚያስገባ ክፍት ቦታ ይኑረው። ወንበርም ይኑር፤ ቆሞ መምረጥ የማይችል ብዙ ነው። ለከለላ የፍሪጅ ካርቶን ይበቃል። ስክሪኑ ፊቱን ለመስኮት አይስጥ፣ የአራብሳ ፀሐይ ስክሪን አያስነብብም። መብራት ይጠፋል ብላችሁ ተነሱ፦ ሙሉ ቻርጅ፣ ፓወር ባንክ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ አፕ። ኔትወርክ ላይ የተንጠለጠለ ምርጫ አታድርጉ።

ባለ አራት ፎቁ ብሎክ ሊፍት የለውም። ከላይ መውረድ የማይችሉ ሰዎች አስቀድመው ይመዝገቡ። ታብሌቱ፣ በክፍል 6 የምናያት ፕሪንተርና ትንሽ ሳጥን ከተለያዩ እጩዎች ታዛቢዎች ጋር በራቸው ድረስ ይውጣ፤ ታዛቢዎቹ ደረጃው ላይ ይቁሙ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ረዳት የሚፈልግ ሰው ይኖራል። ረዳቱን ራሱ ይምረጥ። እጩ፣ ኮሚቴና አስተናባሪ ረዳት አይሆኑም። አንድ ረዳት ለአንድ ሰው ብቻ፤ አስር እናቶችን የሚረዳ ጎረምሳ ካያችሁ እሱ ረዳት አይደለም።

6. ወረቀት ይኑር

የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2009 እ.ኤ.አ. ተራ ዜጋ ያለ ባለሙያ ሊያጣራው የማይችለውን የድምፅ መስጫ ማሽን ውድቅ አድርጓል። ናሚቢያ በ2014 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንቷን በኤሌክትሮኒክ ማሽን ስትመርጥ በአፍሪካ የመጀመሪያዋ ነበረች፤ በ2020 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ያለ ወረቀት ማስረጃ መጠቀሙን ሕገ መንግሥቱን የሚጻረር ነው አለ። ኮሚቴያችሁ ከእነዚህ የበለጠ አይታመንም።

የሱቅ ደረሰኝ የምታትመው ትንሿ ፕሪንተር ትበቃለች። መራጩ ሲያጸድቅ ቁጥሩ፣ ምልክቱና ስሙ ተጽፎ ይወጣል። ያየዋል፣ አጥፎ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ይዞ አይሄድም፤ ይዞ ከሄደ ድምፁን ለገዛው ሰው ማሳያ ይሆናል። ብዙዎቹ ርካሽ ፕሪንተሮች አማርኛ ፊደል አያውቁም፣ ባዶ ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ይደረድራሉ። ጽሑፉን እንደ ምስል ላኩት፣ ይፈታል። ወረቀቱ በሙቀት የሚጻፍ ስለሆነ ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ ይጠፋል ወይም ይጠቁራል። ሳጥኑ ጥላ ውስጥ ይሁን።

ማታ ሳጥኑ በሁሉም ፊት ይከፈትና ወረቀቱ በእጅ ይቆጠር። ከታብሌቱ ጋር ካልገጠመ የሚጸናው ወረቀቱ ነው። ይህንን ከምርጫው በፊት በጽሑፍ አስፍሩት፣ በኋላ ላይ ማንም አይስማማበትም።

7. በሙዝና በማንጎ ሞክሩት

ሰዎች የሚዘሉት ይህንን ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። ከምርጫው ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ የውሸት ምርጫ አዘጋጁ። እጩዎቹ ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን ይሁኑ። ስድስት ሰባት ሰው ጋብዙ፣ ግን የኮምፒውተር ልጆችን አይደለም። አንድ ስማርት ስልክ ይዘው የማያውቁ እናት፣ አንድ ዓይነ ስውር፣ አንድ መስማት የተሳነው፣ አንድ ማንበብ የማይችል፣ አንድ እጁ የሚንቀጠቀጥ አባት፣ አንድ አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገር።

ለእያንዳንዱ «ማንጎና ፓፓያን ይምረጡ» በሉና ዝም በሉ። ከባዱ ይሄ ዝምታ ነው። አበሻ ሰው ሲቸገር ዓይቶ ዝም ማለት አይሆንለትም፣ እጁ ቀድሞ ይሄዳል። እጃችሁን ከኋላ አጣምሩ። የት ቆመ? ጣቱ የት አመነታ? ምን አለ? ጻፉ። «አንተው ንካልኝ» ካለ የት ገጽ ላይ እንዳለው ምልክት አድርጉ። መታረም ያለበት ያ ገጽ ነው።

ሲጨርሱ «አስቸገረዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ኧረ ጥሩ ነው ልጄ፣ ተባረክ» ነው መልሱ፣ ይሉኝታ አለ። ወረቀቱን ክፈቱና እዩ፤ ማንጎና ፓፓያ ነው ወይስ ማንጎና ሙዝ? ያ አይዋሽም። አርማችሁ ከሌሎች ሰዎች ጋር ድገሙት። ያየውን ሰው ሁለተኛ መሞከር አያስተምርም።

8. የምርጫው ቀን

ማስታወቂያው በቴሌግራም፣ በየብሎኩ በር ላይና በእድሩ ጥሩምባ ይነገር። ሰዓቱ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ። አፑ በራሱ «8፡00» ብሎ ያወጣውን ገልብጣችሁ ከለጠፋችሁ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ የሚመጣ አለ።

በሩ ላይ አንድ የመለማመጃ ታብሌት አስቀምጡ፣ ያው ሙዝና ማንጎ ያለበት። ሰው ተራ ሲጠብቅ ይለማመዳል፣ ልጅ ሊያሳየውም ይችላል። እዚያ የፈለገ ይንካለት። ወደ ካርቶኑ ሲሄድ ግን ብቻውን ነው። አስተናባሪዎች ከአፋቸው የሚወጣው ጥያቄ «ላግዝዎት?» ሳይሆን «ኪፓዱንና ኢርፎኑን ላምጣልዎት?» ይሁን። የመጀመሪያው ሲባል ሰው እሺ ይላል፣ እጁንም ይሰበስባል።

ከመከፈቱ በፊት ታብሌቶቹ ዜሮ መሆናቸውን ለታዛቢ አሳዩ፣ ዜሮ ያለበትንም ወረቀት አትማችሁ አስፈርሙ። ሌላ አፕ እንዳይከፈት ስክሪኑን በምርጫው ገጽ ላይ ቆልፉት። መሐል ላይ የልጆች ጌም ማስታወቂያ ቢወጣ ማንም ያንን ምርጫ አያምንም።

9. ካለቀ በኋላ

ውጤቱን በትልቅ ፊደል ጻፉና በየብሎኩ ለጥፉ፣ በድምፅም ቅረጹና ግሩፑ ላይ ልቀቁ። ወረቀቶቹና የተፈረመው መዝገብ በተለያየ ቦታ ታሽገው የቅሬታ ጊዜው እስኪያልፍ ይቀመጡ። ምን ያህል ሰው በድምፅና በኪፓድ እንደመረጠ፣ ምን ያህሉ ረዳት እንደጠየቀ ለሚቀጥለው ኮሚቴ ጽፋችሁ አስረክቡ። ታብሌቶቹ የተዋሳችኋቸው ከሆኑ ደግሞ ውጤቱ ከጸደቀ በኋላ ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ እንደ አዲስ አስነሷቸው፣ ከዚያ ለባለቤቶቹ መልሱ።